ቨርጂል ስታምፐር በዓይኑ ያያት ኳስ

ቨርጂል ስታምፐር ሲናደድ አይጮህም። ጆሮው ነው የሚቀላው። መጀመሪያ ቀኙ ይቀላል፣ ቀጥሎ ግራው፣ ከዚያ ቅላቱ ወደ አንገቱ ይወርዳል። ሚስቱ ኦሊታ ይህን ስለምታውቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከትሪና ቁርስ ቤት ሲመለስ ፊቱን ሳይሆን ጆሮውን አይታ ነው የምትጠይቀው።

«ዛሬ ደግሞ ማን ነው?»

«ሃርለስ።»

«ሃርለስ ምን አለ?»

«ያው ነዋ! ያው የሃምሳ ዓመቱን ነዋ!» ይልና ኮፍያውን ሰቅሎ ይቀመጣል።

ቨርጂል ጉልበቱን የጨረሰው በእንጨት መሰንጠቂያ ነው። ልጅ ሆኖ ኩፍኝ አንዱን ጆሮውን ወሰደበት፤ የተረፈውን መጋዙ በላው። ስለዚህ ሰው መሀል ሲቀመጥ የሰው አፍ አፍ ያያል እንጂ ብዙ አይናገርም። ተናግሮ ሰው ሲስቅ፣ በምን እንደሳቁ ሳያውቅ ከሚቀር ዝም ቢል ይሻለዋል። ሰው ግን ክፉ ነው፤ ዝም ያለውን ሁሉ የማያውቅ ያደርገዋል።

የሚወደው የኤልክ ፎርክ ኮሌጅን የቅርጫት ኳስ ቡድን ነው። አጋዘኖቹ ይሏቸዋል። ይህ የሱ ብቻ ነገር አይደለም፤ በዚያ ሸለቆ የተወለደ ሁሉ እንዲያው ነው። ሰው ሲናዘዝ ከመሬቱ በፊት ኳስ በሚጫወቱበት አዳራሽ ውስጥ ያለውን ወንበሩን ነው የሚያወርሰው። ባልና ሚስት ሲፋቱ ቤቱን ተስማምተው ይካፈሉና ወንበሩ ላይ ሲደርሱ ዳኛ ፊት ይካሰሳሉ። ቨርጂልም ከአባቱ የወረሳቸው ሁለት ወንበሮች አሉት፤ ከወለሉ የማይርቁ፣ ወደ ጎን ያሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አዳራሽ የሚገባ ሰው ሬዲዮ ይዞ ነው የሚገባው። ትንሿን ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ልጆቹ ፊት ለፊቱ እየተጫወቱ፣ ጨዋታውን ከክላይድ ብራሺር አፍ ይሰማል። ክላይድ በሬዲዮ ኳስ የሚያስተላልፈው ሰው ነበር፤ አሁን ሞቷል። ድምፁ ማር ነበር ይላሉ። ቨርጂል ስለ ማሩ አያውቅም። ሬዲዮ ሲያስጠጋ የሚሰማው እንደ መጋዝ ያለ ጩኸት ብቻ ነበር። ስለዚህ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ፣ እሱ ቀና ብሎ ያይ ነበር።

ጭቅጭቁ የሚነሳው በየዓመቱ፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ሳይደርስ ነው። በኤልክ ፎርክ ታሪክ ውስጥ ዋጋው ያልታወቀለት ጋርድ ማን ነው? ጋርድ ማለት ያው ኳሷን እያነጠረ የሚያሻግረው፣ የሚያቀብለው፣ የባላጋራውን አቀባይ ደግሞ እንደ ጥላ የሚከተለው ነው። ረጃጅሞቹ ከቅርጫቱ ሥር ቆመው ስም ሲያገኙ ላቡ የሱ ነው። ስለዚህ የተረሳ ጋርድ ሞልቷል፤ ለጭቅጭቅ አይጠፋም።

በዚያ ዓመት ግን ነገሩ ወሬ ብቻ አልነበረም። የደጋፊዎቹ ማኅበር፣ የተመረጠው ጋርድ ስሙ በትልቅ ጨርቅ ተሰፍቶ ከአዳራሹ ጣሪያ ይሰቀላል አለ። ቨርጂል ይህን ሲሰማ የድሮው ጋርድ ላማር ኡዝሊ ትዝ አለው። ላማር እኮ በሕይወት አለ! ከተራራው ማዶ ካለው ከተማ ይኖራል። አሁን ካልሰቀሉለት መቼ ሊሰቅሉለት ነው? ከሞተ በኋላ?

ቅዳሜ ጠዋት የትሪና ቤት ሞልቷል። ከጠረጴዛው ራስ ሃርለስ ኮምብስ ተቀምጧል። ሃርለስ ድሮ ነዳጅ ማደያ ነበረው፤ ማደያውን ከሸጠ በኋላ የሚያዘው ይቺን ጠረጴዛ ብቻ ነው። ከጎኑ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳ የነበረው ዶይል ጌይሃርት አለ።

«ቴዲ ሳይዝሞር!» አለ ሃርለስ፣ ሹካውን እንደ በትር ይዞ። «ከቴዲ የባሰ የተረሳ ጋርድ ካለ ይሄን ሶሴጅ ለውሻ እሰጣለሁ።»

«ቴዲን ለመርሳት እኮ መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል» አለ ዶይል። «ከተጫወተው የተቀመጠው አይበልጥም? የተጠባባቂዎቹ ወንበር እስከ ዛሬ የቂጡ ቅርጽ አለበት።»

«ከመሀል ሜዳ ወርውሮ አላገባም?»

«ሰዓቱ ካለቀ በኋላ!»

«ታዲያ ገብቷላ!»

«ገብቷል። እኔም ሠርጌ ቀን ዘግይቼ ገብቻለሁ፤ ማንም አላጨበጨበልኝም።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ዶይል የራሱን ሰው አነሳ፤ ፍልፈሉ የሚሉትን አጭሩን ናፒየርን። በሰው እግር መሀል ሾልኮ ያልፍ ነበር አለ። ሃርለስ ደግሞ፣ ሾልኮ ያልፋል፣ ከዚያ ኳሷን ረስቷት ይሄዳል አለ። እንዲህ እየተባለ ትሪና ሁለት ጊዜ ቡና ቀዳች።

«ላማር ኡዝሊ» አለ ቨርጂል።

 ሃርለስ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረገው።

«መጣ! አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ስም በየዓመቱ እንደ ጉንፋን ታመጣብናለህ።»

«የማርሎዎችን ኳስ የነጠቀው እሱ ነው።»

የማርሎዎች ኳስ የምትባለውን የማያውቅ በሸለቆው የለም። ማርሎ ከሚባለው ቡድን ጋር የተደረገ የዋንጫ ጨዋታ ነበር። አጋዘኖቹ በአንድ ነጥብ ተመርተዋል፤ ኳሷ በማርሎዎች እጅ ናት፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ድንገት ኳሷ ተነጠቀች፣ ወደ ፊት ተወረወረች፣ ቢሊ ሬይ ኮዲል ተቀብሎ አገባት። ዋንጫው መጣ። ክላይድ በሬዲዮ ምን አለ? ቢሊ ሬይ ነጠቀ፣ ቢሊ ሬይ አገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸለቆው ሁሉ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

«ቢሊ ሬይ ነው የነጠቀው» አለ ሃርለስ። «ክላይድ ‹እንደ ጭልፊት ከሰማይ ወርዶ!› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«በጆሮህ! ዓይንህስ የት ሄዶ ነበር?»

«እይ እይ፣ ስለ ጆሮ የሚያወራውን እዩልኝ!»

ሳቁ። ቨርጂል በዚህኛው ለምን እንደሳቁ ገባው።

«ቢሊ ሬይ እኮ ከወዲያኛው ቅርጫት ሥር ነበር» አለ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «ራሱ ነጠቀ፣ ራሱ ለራሱ ወረወረ፣ ራሱ ሮጦ ተቀበለ? ሰውየው ስንት ነው?»

«ፈጣን ነበር እኮ» አለ ዶይል።

«ክላይድስ ለምን ይዋሻል?» አለ ሃርለስ። «ምን አገኝ ብሎ?»

«የላማር ስም ካፉ አልወጣ ብሎት ነዋ! ኦሊታ ነግራኛለች፤ እሷ ትሰማው ነበር። ላማር ሲያቀብል ‹ኳሷ መጣች› ነው የሚለው። ብቻዋን በእግሯ የመጣች ይመስል! የመጀመሪያው ጥቁር ጋርዳችን ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ተጫውቶ ስሙን በሬዲዮ የሰማ ሰው አለ?»

«ነገሩን ወደ ቆዳ ቀለም አታምጣው፤ እኛ እዚህ የምናወራው ኳስ ነው» አለ ሃርለስ።

«ያመጣሁት እኔ ነኝ?»

«ማሬ፣ እንቁላልህ በረደ እኮ» አለችው ትሪና። ቨርጂል ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ቤት ሲደርስ ኦሊታ ጆሮውን አየች፤ ምንም አልጠየቀችም። ራሱ ነገራት።

«ታዲያ ቢሊ ሬይን ሄደህ ለምን አትጠይቀውም?» አለችው። «ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ነው ያለው። አልሞተ።»

ይህ ለቨርጂል ቀላል ነገር አልነበረም። ቢሊ ሬይ ኮዲል ማለት ሰው መንገድ ላይ አቁሞ እጁን የሚጨብጠው፣ ሕፃን የሚያስባርከው ሊባል ምንም የማይቀረው ሰው ነው። ቨርጂል በሱ በር ሦስቴ አለፈ፤ በአራተኛው ቢሊ ሬይ ራሱ ቅጠል እየጠረገ አየውና ጠራው።

«ምን ጠፍቶህ ነው ቨርጂል? ውሻህ ነው?»

ቨርጂል መሬት መሬት እያየ ነገሩን ነገረው። ቢሊ ሬይ በመጥረጊያው ላይ ተደገፈ።

«ምን ልበልህ?» አለ። «እኔ ሳስታውሰው እኔ ነኝ የነጠቅኩት።»

«አንተ ከወዲያኛው ቅርጫት ሥር ነበርክ።»

«እሱማ ነበርኩ።» አሰበ። «ነበርኩ፣ እውነትህን ነው። ግን እኮ ቨርጂል፣ ሰው ሁሉ ነገረኝ። የክላይድን ድምፅ በቴፕ ቀድተው ሰጡኝ፤ ለልጆቼ አሰማሁ፣ ለልጅ ልጆቼ አሰማሁ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን እጄ ኳሷ ላይ ነው። ላማር የት እንደነበረ እንኳ አይታየኝም።»

«ኳሷን የወረወረልህ እሱ ሆኖ ሳለ!»

«የወረወረልኝ እሱ ሆኖ ሳለ» አለ ቢሊ ሬይ፤ ደስ ያለው አይመስልም።

«እንግዲያው ቅዳሜ መጥተህ እንዲህ በል። የነገርከኝን ብቻ።»

«ተው እንጂ። በዚህ ዕድሜዬ ሰዉን ላስቀይም?»

ቨርጂል ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ። መንገዱን ሙሉ ብቻውን እየተናገረ ነበር። ሰዉን ላስቀይም ይለኛል! ላማር ሰው አይደለም? እሱ ሲቀየም ማን አየለት? ሬዲዮ ከሰው ሰርቆ፣ የተሰረቀለት ሰው ደግሞ ዕቃው የኔ ነው ብሎ አምኖ ቁጭ ብሏል!

የምርጫው ቅዳሜ ደረሰ። ምርጫቸው በበቆሎ ፍሬ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ እንደዚያ ነው። ባዶ የቡና ጣሳዎች ይደረደራሉ፣ በየጣሳው ላይ የጋርዱ ስም ይለጠፋል፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ፍሬ ይጥላል። ሃርለስ የወንድሞቹን ልጆችና ሚስቶቻቸውን ሁሉ ሰብስቦ መጥቷል። ቴዲ ሳይዝሞር ለካ የሃርለስ የእናቱ ወገን ነው።

ፍሬው ሊጣል ሲል ቨርጂል ተነሳ። ሰው ሁሉ ወደ ሽንት ቤት የሚሄድ መስሎት መንገድ ለቀቀለት። እሱ ግን ከጣሳዎቹ ፊት ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶበት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «ብዙ አልናገርም። ሃርለስ፣ የማርሎዎችን ኳስ ያየኸውን ንገረኝ። ያየኸውን።»

«ደግሞ ጀመረ!»

«ንገረኝ።»

«ቢሊ ሬይ እንደ ጭልፊት ከሰማይ ወርዶ፣ ጫጩቷን ከእናቷ ጉያ...»

«እሺ። ዶይል፣ አንተስ?»

«እንደ ጭልፊት ከሰማይ ወርዶ፣ ጫጩቷን...» አለና ዶይል ቆም አለ። ፊቱ ተለወጠ።

«አንተስ እዚያ ጥግ ያለኸው?»

«ጭልፊት» አለ ሰውየው፣ አፉ ምግብ እንደያዘ።

«ሁላችሁም ያያችሁት አንድ ጭልፊት ነው?» አለ ቨርጂል። አሁን ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «እንኳን ለጭልፊት ያ ጣሪያ ለርግብም አይበቃም! እናንተ ሰው አላያችሁም። አንገታችሁን ደፍታችሁ የክላይድን ተረት ስትሰሙ ነበር። እኔ ጆሮ የለኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን የለኝም! ላማር ከልጁ ኋላ መጥቶ፣ ኳሷ ከወለሉ ስትነሳ ጠብቆ ነጠቃት። ወድቆ፣ ወለሉ ላይ ተኝቶ ነው የወረወራት። ቢሊ ሬይ ጮቤ ሲረግጥ ላማር ገና ከወለሉ እየተነሳ ነበር። ማንም እጁን አልሰጠውም። ይሄንንም አይቻለሁ።»

 ትሪና የቡና ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማ ቀረች።

«ክላይድ ሞቷል» አለ ሃርለስ ቀስ ብሎ። «የሞተ ሰው አይሰደብም።»

«በሕይወት ያለውስ ይሰደባል?»

«ማንም ላማርን አልሰደበም።»

«ስሙን አልጠራችሁም! ከዚህ የባሰ ስድብ አምጣ!»

ፍሬው ተጣለ። ቨርጂል ሲወድቅ አይሰማውም፤ እጅ እጅ እያየ ነው የቆጠረው። በቴዲ ጣሳ ላይ የኮምብስ ዘር በሙሉ ተሰለፈ። በላማር ጣሳ የሱ ፍሬ፣ የኦሊታ ፍሬና ዶይል ማንም እንዳያየው ተደብቆ የጣላት ነበሩ። ትሪናም ልጣል ብላ፣ የጨዋታ ትኬት የሌለው አይመርጥም ተባለች። ቴዲ ሳይዝሞር፣ ከመቀመጫው የማይነሳው ቴዲ፣ ጣሪያ ላይ ሊወጣ ነው!

በማግስቱ ቨርጂል ኦሊታን መኪና ውስጥ አስገብቶ ተራራውን ተሻገረ። የላማርን ቤት በስልክ ጠይቃ ያገኘችው እሷ ናት። ላማር ኡዝሊ ቀጭን፣ ፀጉሩ የነጣ ሰው ነው፤ በጓሮው የደረቀ የቲማቲም እንጨት እየነቀለ ነበር። ሚስቱ ቨርኒስ በረንዳ ላይ ሆና ማን ናችሁ አለች። ቨርጂል ማን እንደሆነ ሳይናገር በቀጥታ ወደ ነገሩ ገባ፤ ጣሳውን፣ በቆሎውን፣ ቴዲን፣ ሃርለስን፣ ሁሉንም ዘረገፈው። ላማር እንጨቱን ይዞ አዳመጠ።

«ጨረሱ?» አለ።

«ጨረስኩ።»

«ኳሷን ማን እንደነጠቃት ሊነግሩኝ ነው ተራራ ያቋረጡት? እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ።»

ቨርጂል አፈረ።

«ወይስ ሊያጽናኑኝ ነው?» አለ ላማር።

«አይደለም። ተናድጄ ነው የመጣሁት።»

ቨርኒስ በረንዳው ላይ ሳቀች። ላማር ግን አልሳቀም።

«እኔስ ያልተናደድኩ መስሎዎታል? ያን ዕለት ማታ ቡድኑ የበላበት ቤት ለኔ በኋላ በር ነው የከፈተልኝ። ዋንጫውን ያመጣሁላቸው እኔ፣ ወጥ ቤት ቆሜ በላሁ። ከዚያ ወዲህ ያን አዳራሽ ረግጬው አላውቅም። ልጆቼ ኳስ ተጫውተህ ታውቃለህ ወይ ሲሉኝ ትንሽ ትንሽ እላቸዋለሁ።»

«ትንሽ ትንሽ!» አለ ቨርጂል፤ የተሰደበው እሱ ይመስል።

ላማር እንጨቱን ጣለ። «ይሄ ሃርለስ የሚሉት ሰውዬ ቁርስ የሚበላው የት ነው?»

በቀጣዩ ቅዳሜ ቨርጂልና ላማር በትሪና በር አብረው ገቡ።  ዶይል ከወንበሩ ተነስቶ እጁን ዘረጋ። ሃርለስም ተነሳ፤ ክፉ ሰው አይደለም እኮ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

«ሚስተር ኡዝሊ፣ እንኳን ደህና መጡ። ደህና ተጫዋች ነበሩ።»

«አመሰግናለሁ። የማርሎዎችን ኳስ የነጠቅኳት እኔ ነኝ።»

ሃርለስ ኮፍያውን በእጁ አሽከረከረ።  ሁሉም አሁን ይሸነፋል ብሎ ጠበቀ።

«እንግዲህ ሚስተር ኡዝሊ፣ እርስዎ ይዋሻሉ ማለት አልደፍርም» አለ። «ግን እኮ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ላማር ጠጋ አለው።

«የት ተቀምጠው ነበር?»

«ከበሩ በላይ። የአባቴ ወንበር ነው። ጥሩ ወንበር ነው።»

«እኔ ወለሉ ላይ ነበርኩ» አለ ላማር። «የኔ ቦታ ይሻላል።»

ዶይል የጠጣው ቡና በአፍንጫው ወጣ። ሃርለስ ግን እንደ ቆመ ነው፤ ቢሆንም፣ ቢሆንም ይላል። ቨርጂል የላማርን ክንድ ይዞ ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ ወሰደው። ከትንሽ ቆይታ በኋላ ዶይል ሳህኑን ይዞ ተከተላቸው።

«እኔ ለማለት የፈለግኩት» አለ ሳይቀመጥ፣ «ያን ሰዓት የሬዲዮዬን ባትሪ ስቀይር ነበር። ምንም አላየሁም። ምንም አልሰማሁም። ሃምሳ ዓመት ጭልፊት ጭልፊት ስል የኖርኩት ከሃርለስ ሰምቼ ነው።»

«ተቀመጥ» አለው ላማር።

ጨርቁ ግን ተሰቀለ፤ የቴዲ ሳይዝሞር ስም በትልቁ ተጽፎ። ቴዲን ለክብሩ ጠርተውት መጥቶ፣ ቀና ብሎ አየና፣ ምን አድርጌ ነው ብሎ ጠየቀ ይባላል። ቨርጂል ይህን በነገሩት ቁጥር ጠረጴዛ ይመታል። ሰዎች፣ ይበቃሃል እንጂ፣ ሰውየው ራሱ ትቶት የለም ወይ ይሉታል። ማን ነው የተወው? ላማር አልተወውም። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ተራራውን ተሻግሮ ይመጣል፤ በሃርለስ ፊት ለፊት ተቀምጦ የበቆሎ ገንፎውን ይበላል፤ ሃርለስም የክላይድን ቴፕ አምጥቼ ላሰማዎት ይላል።

ባለፈው ጊዜ ሃርለስ አዲስ መላ አመጣ።

«እሺ፣ እናንተ ናችሁ የምታውቁት። በየትኛው እጁ ነው የነጠቃት?»

«በግራው» አለ ቨርጂል።

«በቀኜ» አለ ላማር።

ሃርለስ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ቨርጂል ሹካውን አስቀምጦ ወደ ላማር ዞረ።

«በግራህ ነው!»

«እጁ የኔ ነው እኮ፣ ቨርጂል።»

«ቢሆንስ! አንተ ኳሷን ነበር የምታየው፤ እጅህን ያየሁት እኔ ነኝ። ተነስና አሳየኝ! ዶይል፣ አንተ ማርሎ ሁን፣ ና እዚህ ቁም። ትሪና፣ ያቺን ወንበር አንሺልን!»